አገሯን በድምፅዋ የተሸከመች፦ የማርጋሪታ ሺርጉ ሕይወትና ስደት

እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1945 ምሽት ነው። በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ፣ አቬኒዳ በሚባለው ቴአትር ቤት፣ ከዚያ በፊት በየትኛውም መድረክ ታይቶ የማያውቅ አንድ ተውኔት ሊቀርብ መጋረጃው ተገለጠ። የተውኔቱ ርዕስ «የበርናርዳ አልባ ቤት» ይሰኛል። ደራሲው ስፔናዊው ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ ሥራውን ጽፎ ከጨረሰ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ሦስት ወር ያህል ብቻ ቀርቶታል። ደራሲው ግን በአዳራሹ ውስጥ የለም። ብዕሩን ባስቀመጠ በሁለት ወሩ በትውልድ አውራጃው በግራናዳ አቅራቢያ በጥይት ተገድሏል፤ አስከሬኑ የት እንደ ወደቀ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬም የለም።

በዚያች ምሽት ጥቁር ለብሳ፣ በትሯን ተመርኩዛ፣ አምስት ሴት ልጆቿን በአራት ግድግዳ መካከል የምትቆልፈውን ጨካኝ እናት ሆና የወጣችው ተዋናይት ማርጋሪታ ሺርጉ ትባላለች። የኀምሳ ስድስት ዓመት ሴት ናት። የሟቹ ደራሲ ወዳጅ፣ ከዚህ በፊት የጻፋቸውን ታላላቅ ተውኔቶች ለሕዝብ ያስተዋወቀች፣ አሁን ደግሞ በአገሯ መንግሥት ንብረቷ እንዲወረስና ለዕድሜ ልክ ከአገር እንድትርቅ የተፈረደባት ስደተኛ ናት። በስፔን ሊነገር ያልተፈቀደው ቃል በባሕር ማዶ ሲነገር፣ የተናገረችው እርሷ ነበረች።

ለመሆኑ ይህች ሴት ማን ነበረች? በዚህ ጽሑፍ የሕይወቷን ጉዞ በአጭሩ ለመተረክ እንሞክራለን። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሠራተኛው ልጅ

ማርጋሪታ ሺርጉ ጁን 18 ቀን 1888 በካታሎንያ፣ ከባርሴሎና ብዙም በማትርቀው በሞሊንስ ዴ ሬይ ከተማ ተወለደች። አባቷ በእጁ ሥራ የሚተዳደር የብረት ሠራተኛ ነበር። ቤተሰቡ ኑሮ ፍለጋ ወደ ባርሴሎና ሲገባ ትንሿ ማርጋሪታም ገና በልጅነቷ ሥራ ገበታ ላይ ተቀመጠች። የቴአትር ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። በዚያን ጊዜ ባርሴሎና ውስጥ ሠራተኞች የሚያነቡባቸው፣ የሚከራከሩባቸውና በበዓል ቀን ተውኔት የሚያሳዩባቸው ማኅበራት በየሰፈሩ ነበሩ፤ የእርሷም ትምህርት ቤት እነዚሁ ነበሩ። ቀን ስትሠራ የዋለችው ልጅ ማታ መድረክ ላይ ትወጣ ነበር።

በ1906 የኤሚል ዞላን «ቴሬዝ ራካን» በተውኔት መልክ ስትጫወት ያዩዋት ሰዎች ስለ እርሷ መናገር ጀመሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የካታላን ቋንቋ ቴአትር ማዕከል ወደ ነበረው ወደ ሮሜአ ቴአትር ቤት ገብታ ደመወዝተኛ ተዋናይት ሆነች። ዕድሜዋ አሥራ ስምንት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ አንኸል ጊመራ ያሉ የካታሎንያ ስመ ጥር ደራስያንን ሥራዎች ተጫወተች፤ በ1910 የኦስካር ዋይልድን «ሰሎሜ» ስታቀርብ ደግሞ ከተማው በሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ አደነቀ፤ አንዳንዱ «ነውር ነው» ብሎ ጮኸ። እንዲህ ያለው ጩኸት ከዚያ በኋላ ከሕይወቷ አልተለየም።

የመጀመሪያው ስደት ከቋንቋ ነበር

የሺርጉን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስደቷን ከ1936 ይጀምራሉ። ይሁን እንጂ ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው፣ ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል አስቀድሞ ሌላ ድንበር ተሻግራ ነበር። አፏን የፈታችው በካታላን ነው፤ ስሟን ያተረፈችውም በካታላን ነው። ነገር ግን በመላው ስፔንና በላቲን አሜሪካ ለመሥራት የፈለገ ተዋናይ ካስቲልያን፣ ማለትም ዓለም ስፓኒሽ ብሎ የሚጠራውን ቋንቋ፣ አሳምሮ መናገር ነበረበት። ስለዚህ በሃያዎቹ ዕድሜዋ አጋማሽ ላይ እንደ ተማሪ ቁጭ ብላ ድምፅዋን እንደ ገና ሠራች። በ1913 ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻግራ በአዲሱ ቋንቋ ተጫወተች፤ በ1914 ማድሪድ ገባች።

የማድሪድ ሃያስያን የካታላን ቅላጼዋን ማንሣታቸው አልቀረም። ተመልካቹ ግን ተቀበላት። በ1916 ከቤኒቶ ፔሬዝ ጋልዶስ ልቦለድ የተወሰደውን «ማሪያኔላ»ን ስትጫወት፣ ዐይኑ የጠፋው አረጋዊ ደራሲ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ፍጡር ድምፅ ሰማ። ዕንባውን መቆጣጠር እንዳልቻለ ይነገራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጋልዶስ የመጨረሻዎቹ ተውኔቶቹ አንዱ የሆነውን «የካስቲል ቅድስት ኹዋና»ን ሲያወጣ፣ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው እርሷ ናት። ከታላላቅ የስፔን ደራስያን ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ሲጽፉ በጆሯቸው የሚያዳምጡት የማርጋሪታ ሺርጉን ድምፅ ሆነ።

ይህ የቋንቋ ለውጥ ለኋላ ሕይወቷ ያለውን ትርጉም ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። ካስቲልያንን ባትማር ኖሮ፣ የስደቱ ዘመን ሲመጣ ከካታሎንያ ውጭ የምትናገርበት መድረክ ባልኖራት ነበር። ለሥራ ብላ የተማረችው ቋንቋ ኋላ መጠጊያዋ ሆነ።

ገጣሚውና ተዋናይቱ

በ1926 አንድ ወጣት ገጣሚ በእጁ የተውኔት ረቂቅ ይዞ መጣ። ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ ይባላል፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። በተውኔት ዘርፍ እስከዚያ ድረስ የሞከረው አንድ ሥራ በማድሪድ መድረክ ላይ ወድቆበታል። አሁን የያዘው «ማሪያና ፒኔዳ» ደግሞ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የነጻነት ወገኖችን ዐርማ በማዘጋጀቷ በሞት ስለ ተቀጣች የግራናዳ ሴት የሚተርክ ነው። ስፔን በዚያን ጊዜ በጄኔራል ፕሪሞ ዴ ሪቬራ አምባገነን አገዛዝ ሥር ስለነበረች፣ ስለ ነጻነት የሚናገር ተውኔት መቀበል ለቴአትር ቤቶች ቀላል ነገር አልነበረም። ሺርጉ ተቀበለችው። ጁን 24 ቀን 1927 በባርሴሎናው ጎያ ቴአትር ቤት መጋረጃው ተገለጠ። የመድረኩን ገጽታ የነደፈው ገና ስሙ ያልገነነው ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ ነበር።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ የሁለቱ ሕይወት ተሳሰረ። «ድንቋ የጫማ ሰፊ ሚስት» በ1930፣ «የርማ» በ1934፣ «ዶኛ ሮዚታ» በ1935 ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት በእርሷ ነው። አንድ ገጣሚ የተውኔት ደራሲ ለመሆን መድረክ ያስፈልገዋል፤ መድረክ ደግሞ በወረቀት አይሠራም። በጠላትም በወዳጅም ፊት ቆሞ ቃሉን የሚሸከም ሰው ይፈልጋል። ሎርካ ያንን ሰው ያገኘው በሺርጉ ነው።

የሪፐብሊኩ መድረክ

በ1931 ንጉሡ አገር ጥለው ወጡ፤ ስፔን ሪፐብሊክ ሆነች። ሺርጉ በዚህ ጊዜ በማድሪድ ከሁሉ በላይ በሚከበረው በቴአትሮ ኤስፓኞል ውስጥ የራሷን ጓድ ትመራ ነበር። አብሯት የሚሠራው አዘጋጅ ሲፕሪያኖ ዴ ሪቫስ ቼሪፍ የአውሮፓን አዳዲስ የቴአትር ስልቶች ያጠና፣ የሪፐብሊኩ ጠቅላይ ሚኒስትር ኋላም ፕሬዚዳንት የማኑኤል አዛኛ የሚስቱ ወንድም ነው። ይህ ቅርርብ በደጉ ቀን ጥቅም፣ በክፉው ቀን መዘዝ ሆነባት።

ከሁሉ አስቀድሞ የመጣው ፈተና የራፋኤል አልቤርቲ «ፈርሚን ጋላን» ነው። ለሪፐብሊክ ተነሥቶ በ1930 መጨረሻ በጥይት ስለ ተገደለ መኮንን የሚተርከው ይህ ተውኔት በጁን 1931 ሲቀርብ፣ ድንግል ማርያም ጠመንጃ ይዛ የምትታይበት ትዕይንት ላይ ሲደርስ አዳራሹ ተናወጠ። ሰው ወደ መድረኩ መገስገስ ሲጀምር፣ ለእሳት አደጋ የተዘጋጀው የብረት መጋረጃ እንዲወርድ ተደረገ። በቴአትር ቤቱ ውስጥ የታየው ይህ ጠብ በአደባባይ ሊመጣ ላለው ጠብ ምልክት ነበር።

ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ጁን 18 ቀን 1933፣ ልክ አርባ አምስት ዓመት በሞላት ዕለት፣ ሺርጉ ከሕይወቷ ታላላቅ ሥራዎች አንዱን አቀረበች። በምዕራብ ስፔን በሜሪዳ ከተማ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ሮማውያን ያነጹትና ለዘመናት በአፈር ተቀብሮ የኖረ የድንጋይ ቴአትር አለ። ተቆፍሮ ከወጣ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። በዚያ ፍርስራሽ መካከል ሴኔካ የጻፈውን «ሜዴያ»ን፣ ፈላስፋው ሚጌል ዴ ኡናሙኖ ከላቲን በተረጎመው ቋንቋ ተጫወተች። ከሩቅ መንደር የመጡት ሰዎች በሺህ ይቆጠሩ ነበር። ዛሬ በየበጋው በሜሪዳ የሚካሄደው ዝነኛ የጥንታዊ ተውኔት በዓል ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ዕለት ነው።

ዲሴምበር 29 ቀን 1934 «የርማ» ሲቀርብ ግን ዘመኑ ከፍቶ ነበር። በዚያ ዓመት ጥቅምት በአስቱሪያስ የተነሣው የሠራተኞች ዐመፅ በኃይል ተደምስሷል፤ አዛኛ ታስረው የተፈቱት በዚያው ሰሞን ነው። መጋረጃው ገና ከመገለጡ የቀኝ ወገን ወጣቶች ከላይኛው ሰገነት ሆነው ተዋናይቱን በአዛኛ ወዳጅነቷ ይሰድቧት ጀመር። የቀረው ተመልካች ተነሥቶ ዝም አሰኛቸው። ልጅ መውለድ አጥታ የምትነድደውን የገበሬ ሚስት ታሪክ ሺርጉ እስከ መጨረሻው ተጫወተችው፤ ምሽቱም በከፍተኛ ጭብጨባ ተፈጸመ። በማግስቱ የወግ አጥባቂዎቹ ጋዜጦች አወገዙት፤ ሕዝቡ ግን ለወራት ሲጎርፍለት ከረመ።

ሺሕ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስድስት

ለእኛ ለዚህ ክፍለ ዓለም አንባቢዎች የ1935 እና የ1936 ዓመታት የራሳቸው ትዝታ አላቸው። በኦክቶበር 1935 የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። በቀጣዩ ወር በማድሪድ ወረራውን የሚያወግዝ መግለጫ በጋዜጣ ሲወጣ፣ ከፈራሚዎቹ መካከል ገጣሚዎቹ አንቶኒዮ ማቻዶና ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ ይገኙ ነበር። ሺርጉ በባርሴሎና በሎርካ ተውኔቶች መድረክ ላይ በነበረችበት በዚያው ወቅት መሆኑ ነው። ሜይ 5 ቀን 1936 አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች። ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላ በስፔን ጄኔራሎች በሪፐብሊኩ ላይ ተነሡ፤ ሙሶሊኒም በኢትዮጵያ ድል አደረግሁ ባለ በወራት ውስጥ ጦሩን በአሥር ሺዎች እየቆጠረ ወደ ስፔን ላከ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከዘመቱት የጣሊያን አዛዦች አንዱ የነበረው አኒባሌ ቤርጎንዞሊ በማርች 1937 በጓዳላሃራ ጦር ሜዳ ክፍለ ጦር ይመራ ነበር። የሁለቱ አገሮች መከራ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነበር ማለት ነው።

ሺርጉ ያን ጊዜ ስፔን ውስጥ አልነበረችም። በጃንዋሪ 1936 መጨረሻ ከሳንታንደር ወደብ ተነሥታ፣ ጓዷን አስከትላ ወደ ኩባና ወደ ሜክሲኮ ለትርኢት ሄዳለች። ስትሄድ ስደተኛ አልነበረችም፤ የሥራ ውል ያላት፣ ወራት ቆይታ የምትመለስ ተጓዥ ነበረች። ሎርካም ሊከተላት አስቦ ነበር። የምትጠብቀው ሜክሲኮ ነበር። እርሱ ግን ዛሬ ነገ እያለ ቆየ፤ «የበርናርዳ አልባ ቤት»ን ጁን 19 ቀን ጨረሰ፤ ወዳጆቹን አነበበላቸው፤ በጁላይ አጋማሽ ከቤተሰቡ ጋር ለመሰንበት ወደ ግራናዳ ሄደ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተማይቱ በዐማፅያን እጅ ገባች። በኦገስት አጋማሽ ከተሸሸገበት ቤት ተይዞ ተወሰደ፤ ቪስናርና አልፋካር በሚባሉ መንደሮች መካከል ከሌሎች ጋር ተገደለ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር።

የሞቱ ዜና በባሕር ማዶ ለምትገኘው ተዋናይት ሲደርስ፣ ለጉብኝት የወጣችበት መንገድ በዚያች ቅጽበት ስደት ሆነ። የምትመለስበት ቤት ቢኖርም የምትመለስላቸው ሰዎች እየጠፉ ነበር። አዛኛ በ1940 በፈረንሳይ በስደት ሞቱ። ሪቫስ ቼሪፍን ደግሞ በዚያው ዓመት ጌስታፖ ፈረንሳይ ውስጥ ይዞ ለፍራንኮ አስረከበው፤ ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ተለውጦለት እስከ 1946 ታሰረ። በወኅኒ ቤት ሳለ እንኳ እስረኞችን እያሰባሰበ ተውኔት ያዘጋጅ እንደነበር ማስታወስ ይገባል።

ሺርጉንም ያላገኛት በአካል ብቻ ነው። በ1941 የፖለቲካ ተጠያቂነት ችሎት የሚባለው የፍራንኮ ፍርድ ቤት በሌለችበት ፈረደባት፤ ንብረቷ በሙሉ እንዲወረስ፣ ለዕድሜ ልክ ከማናቸውም ሹመትና መብት እንድትታገድ፣ ለዕድሜ ልክም ከስፔን ምድር እንድትርቅ ተወሰነ። ጥፋቷ ምን ነበር ቢሉ፣ በአደባባይ የተጫወተቻቸው ተውኔቶችና በአደባባይ የወደደቻቸው ሰዎች ናቸው። አፏን የፈታችበት የካታላን ቋንቋም ከ1939 በኋላ ለዓመታት ከስፔን የቴአትር መድረኮች ታገደ።

ያለ አገር መድረክ

ከአገሩ የወጣ ሰው ያገኘውን ሸክም ሁሉ ይሸከማል ይላሉ አበው። የጥበብ ሰው ስደት ግን እንደ ሙያው ይለያያል። ሠዓሊ ቀለሙን ይዞ ይሰደዳል፤ ደራሲ በኪራይ ቤት ጥግ ተቀምጦ ይጽፋል፤ የጻፈውም ከሞተ በኋላ ሊነበብ ይችላል። ተዋናይ ግን ተመልካች ከሌለው የለም። የትናንቱ ትርኢት ዛሬ አይገኝም፤ የሚቀረው ያዩት ሰዎች ልብ ውስጥ ነው። እነዚያ ሰዎች በሌላ አገር ሲቀሩ ተዋናዩ ትዝታውን ሁሉ አጣ ማለት ነው። በዚህ ረገድ ሺርጉ ዕድለኛ ነበረች ልንል እንችላለን። ከሜክሲኮ እስከ ቺሊ የሚዘረጋ፣ ቋንቋዋን የሚሰማ ሰፊ ምድር ነበራት።

በ1937 ቦነስ አይረስ ገብታ የሎርካን ተውኔቶች አቀረበች። በ1938 በዚያው በአርጀንቲና «የደም ሠርግ» የተባለው የሎርካ ሥራ ወደ ፊልም ሲለወጥ እናቲቱን ሆና ተጫወተች። በወጣትነቷ ጥቂት ድምፅ አልባ ፊልሞች ላይ ታይታ ነበር፤ በድምፅ ለትውልድ የቀረው ዋነኛ የፊልም ሥራዋ ግን ይህ ነው። ያን ሁሉ ዘመን መድረክ ላይ የኖረች ሴት በአንድ ፊልም ብቻ መታወሷ የሙያውን ጭካኔ ያሳያል።

ከዚያም ወደ ቺሊ ተሻግራ በሳንቲያጎ ወጣቶችን ታስተምር ጀመር። መድረኩንም አልተወችም፤ በ1944 በቦነስ አይረስ በአቬኒዳ ቴአትር ቤት የስደት ጓዷን የራፋኤል አልቤርቲን አዲስ ተውኔት «ኤል አዴፌሲዮ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ አቀረበች። በማግሥቱ ዓመት፣ በዚያው መድረክ፣ በጽሑፋችን መግቢያ ያነሣነው «የበርናርዳ አልባ ቤት» ታየ።

ተውኔቱ ባሏ የሞተባት በርናርዳ በልጆቿ ላይ የስምንት ዓመት ሐዘን ስትጥል ይጀምራል፤ ታናሺቱ ልጅ ስትሞት፣ እናትየው የሆነው ሁሉ እንዳልሆነ ተቆጥሮ ቤቱ ዝም እንዲል ስታዝ ያልቃል። ሎርካ ይህን ሲጽፍ ስለ አንዳሉሲያ መንደር ነበር የጻፈው። በ1945 አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጡ ስደተኞች ግን ዝም እንዲል የታዘዘው ቤት ስፔን ራሷ ነበረች። ጸጥታ እያዘዘች የምትጮኸውን ሴት የተጫወተችው፣ በዚያ ጸጥታ ፍርድ የተቀበለችው ተዋናይት መሆኗ ነገሩን የበለጠ ከባድ ያደርገዋል። በስፔን ይህ ተውኔት በማድሪድ በመደበኛ ጓድ የታየው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1964 ነው።

መምህርቱ

በ1949 ሁለት ነገሮች ሆኑ። በቦነስ አይረስ የአልቤር ካሙን «አለመግባባት» ስታቀርብ፣ የፔሮን መንግሥት ባለ ሥልጣናት ትርኢቱን አገዱባት። ሳንሱር ከስፔን ውጭም አገኛት ማለት ነው። በዚያው ዓመት ወደ ስፔን ለመመለስ ጭምር ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ወሬው እንደ ተሰማ በአገዛዙ ጋዜጣ በወጣ የስድብ ጽሑፍ ምክንያት ሐሳቧን ተወች። ከዚያ በኋላ ፊቷን ወደ ስፔን አላዞረችም። ወደ ኡራጓይ ተሻገረች።

በሞንቴቪዴዎ ከተማ በ1947 የተቋቋመ «ኮሜዲያ ናሲዮናል» የሚባል የከተማው ቋሚ የቴአትር ጓድ ነበር፤ በ1949 ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ የተውኔት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሺርጉ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሆነች፤ ለጓዱም ታላላቅ ሥራዎችን አዘጋጀች። የተውኔት ትምህርት ቤት ገብታ የማታውቀው የሠራተኛ ልጅ አሁን ለአንዲት አገር የተዋናይ ትውልድ እናት ሆነች። እንደ ኤስቴላ ሜዲና ያሉ የኡራጓይ ታላላቅ ተዋንያን ከእጇ የወጡ ናቸው፤ በመላው ደቡብ አሜሪካ የታወቀችው ቺና ሶሪያም በእርሷ አዘጋጅነት ተጫውታለች። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በስሟ ይጠራል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ለራሷ ዝና ብቻ ብትኖር ኖሮ፣ ዕድሜዋ ሲገፋና ድምፅዋ ሲደክም ሁሉ ነገር ያልቅ ነበር። የያዘችውን ሁሉ ለተማሪ ስላካፈለች ግን፣ በስፔን የተቋረጠው የቴአትር መስመር በኡራጓይ ልጆች አንደበት ቀጠለ። ፍርድ ቤቱ ቤቷን ሊወርስ ችሏል፤ የምታውቀውን ግን ሊወርስ አልቻለም።

ሁለት ስደተኞች

በ1963 በቦነስ አይረስ ሳን ማርቲን ቴአትር ቤት ልብ የሚነካ ግንኙነት ሆነ። ሰባ አምስት ዓመት የሞላት ወይም ሊሞላት የቀረበው ሺርጉ «የርማ»ን በአዘጋጅነት ይዛለች። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ከፓሪስ የመጣችው ማሪያ ካሳሬስ ናት። ካሳሬስ በ1922 በሰሜን ምዕራብ ስፔን በላ ኮሩኛ የተወለደች፣ ጦርነቱ ሲነሣ የሪፐብሊኩ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት የሳንቲያጎ ካሳሬስ ኪሮጋ ልጅ ናት። በአሥራ አራት ዓመቷ ተሰዳ ፈረንሳይ ገባች፤ እንደ ሺርጉ የራሷን ቋንቋ የሚሰማ ምድር ስላላገኘች ፈረንሳይኛን ከመሠረቱ ተምራ በዚያ አገር ካሉት ታላላቅ ተዋንያን አንዷ ሆነች። በፈረንሳይኛ የከበረችው ወጣት ስደተኛ፣ በገዛ ቋንቋዋ የሎርካን ቃል እንድትናገር የመራቻት፣ ያንኑ ቃል ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት በማድሪድ በስድብ ውርጅብኝ መካከል የተናገረችው አሮጊት ነበረች።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ፍራንኮ ኖቬምበር 20 ቀን 1975 ሞተ። በተከታዩ ዓመት ማሪያ ካሳሬስ ከአርባ ዓመት ስደት በኋላ ማድሪድ ተመልሳ መድረክ ላይ ወጣች። የተመለሰችበት ተውኔት የአልቤርቲ «ኤል አዴፌሲዮ» ነው፤ በ1944 በቦነስ አይረስ ሺርጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየችው ያው ሥራ። አንደኛዋ ስደተኛ የከፈተችውን በር ሁለተኛዋ አልፋ ወደ ቤት ገባች።

ወደ አገር የተመለሰው

ሺርጉ ግን ያንን ቀን አላየችም። የመጨረሻ ዓመታቷን በኡራጓይ ጠረፍ፣ ፑንታ ባዬና በሚባል የባሕር ዳር ሥፍራ ስታሳልፍ፣ ሥራ አልተወችም። በ1967 እንኳ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ አካባቢ፣ ወደ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ተጉዛ በስሚዝ ኮሌጅ ለተማሪዎች «የርማ»ን አዘጋጅታለች። ኤፕሪል 25 ቀን 1969 በሞንቴቪዴዎ አረፈች። ሰማንያ ዓመቷ ነበር፤ ከአገሯ ከወጣች ሠላሳ ሦስት ዓመት አልፏል። ፍራንኮ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ገዛ።

በ1988፣ የተወለደችበት መቶኛ ዓመት ሲከበር፣ አጽሟ ከኡራጓይ ተነሥቶ ወደ ሞሊንስ ዴ ሬይ ተመለሰ። ሎርካ ግን እስካሁን መቃብር የለውም። በተገደለበት አካባቢ ዐረቦች በግራናዳ ሲኖሩ «ዐይነ ደምዕ»፣ የዕንባ ምንጭ፣ ያሉት ውኃ አለ፤ በእኛም ቋንቋ ውኃ የሚፈልቅበትን ሥፍራ የምንጭ ዐይን እንደምንለው ማለት ነው። አርጀንቲናዊው የሙዚቃ ደራሲ ኦስቫልዶ ጎሊሆቭ በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው ኦፔራ ስሙን ያገኘው ከዚህ ምንጭ ነው፤ «አይናዳማር» ይባላል። የኦፔራው ዋና ገጸ ባሕርይ ማርጋሪታ ሺርጉ ናት፤ ወዳጇን ለማዳን አለመቻሏ እየከነከናት፣ ታሪኩን ለተማሪዋ እየተረከች የምትሞት አሮጊት ተዋናይት ሆና ትቀርባለች።

ጥፋተኝነቱ የደራሲዎቹ ፈጠራ ሊሆን ይችላል፤ ትረካው ግን እውነት ነው። ስደት የወሰደባት ብዙ ነው፤ ቤት፣ ወዳጅ፣ የልጅነት ቋንቋ፣ የመመለስ ተስፋ። ያልወሰደባት አንድ ነገር ነበር፤ በሌላ ሰው የተጻፈውን ቃል ተሸክሞ ለማያውቀው ሰው የማድረስ ግዴታ። ተዋናይ የሌላውን ቃል ተሸካሚ ነው፤ ሺርጉ ደግሞ የሞተውን ወዳጇን ቃል ለሠላሳ ሦስት ዓመት ተሸክማ፣ ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከአገር ወደ አገር አዞረችው። አገሩ ሊሰማው ዝግጁ በሆነ ጊዜ ቃሉ ሕያው ሆኖ የተገኘው፣ በስደት ያኖሩት እንደ እርሷ ያሉ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

በዚህ በምሥራቅ አፍሪካ ምድር ስደት እንግዳ ቃል አይደለም። ከአገራቸው ወጥተው በባዕድ አዳራሽ ለጥቂት ወገኖቻቸው የሚጫወቱ፣ የሚያዜሙ፣ ልጆች ሰብስበው የሚያስተምሩ ጥበበኞች በየዘመኑ አሉን። ሥራቸው ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። የማርጋሪታ ሺርጉ ሕይወት የሚነግረን ግን፣ ቤት የሚጠበቀው በቤት ውስጥ ብቻ አለመሆኑን ነው።